16 ታላላቅ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድኖችን በሲሙሌሽን ማጫወት፦ የ1976 ኢንዲያና ከ2015 ኬንታኪ ጋር በየትኛው ሕግ ይግጠም?

1 — ባለሰንጠረዥ

ሰላም ለመድረኩ። ከተለያየ ዘመን የተውጣጡ 16 የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድኖችን በጥሎ ማለፍ በሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት፣ ላጫውት ነው። ኳሱ ሳይነሳ ዘዴው ላይ ሐሳብ ስጡበት፤ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ሕግ መቀየር የለም።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ውድድሩ መከር ላይ ጀምሮ ጸደይ ላይ ስለሚያልቅ፣ «1976» ስል በ1975 መጨረሻ ተጀምሮ በ1976 ዋንጫው የተነሳበትን ዘመን ማለቴ ነው። ይህን ካሁኑ ካላጠራነው አንዱ የ1975ን ኢንዲያና፣ ሌላው የ1976ን ይዞ ይመጣል።

ቡድኖቹ፦ ሳን ፍራንሲስኮ 1956፣ ኖርዝ ካሮላይና 1957፣ ዩሲኤልኤ 1964፣ ዩሲኤልኤ 1968፣ ዩሲኤልኤ 1973፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት 1974፣ ኢንዲያና 1976፣ ኖርዝ ካሮላይና 1982፣ ጆርጅታውን 1984፣ ዩኤንኤልቪ 1991፣ ዱክ 1992፣ ኬንታኪ 1996፣ ዱክ 1999፣ ኬንታኪ 2012፣ ኬንታኪ 2015፣ ቪላኖቫ 2018። ከእነዚህ ውስጥ ዋንጫ ያላነሱት ሦስት ናቸው። ዩኤንኤልቪ 1991 (34 አሸንፎ 1 ተሸነፈ)፣ ዱክ 1999 (37 ለ 2) እና ኬንታኪ 2015 (38 ለ 1)። ያስገባኋቸው አውቄ ነው። በአንድ ምሽት ስለወደቁ ብቻ ታላቅነታቸው አይሰረዝም።

ዘዴው ይኸው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የደረጃ ቁጥር አወጣለሁ። መጀመሪያ የዓመቱን አማካይ የነጥብ ልዩነት እይዛለሁ፣ በላዩ የተጋጣሚዎቹን አማካይ ደረጃ እደምራለሁ። የሁሉም ቡድን ቁጥር ሲቀየር የተጋጣሚ አማካይም ስለሚቀየር፣ ስሌቱን ቁጥሩ መንቀሳቀስ እስኪያቆም እደጋግመዋለሁ። ዜሮ ማለት የዚያ ዓመት መካከለኛ ቡድን ነው። ከዚያ የሁለቱን ቡድኖች ደረጃ ሳቀናንስ የሚጠበቀው ልዩነት ይወጣል። በ11 ነጥብ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ውጤቱ ከሚጠበቀው ወዲያና ወዲህ የሚርቅበት መለኪያ) ራንደም ቁጥር ጨምሬበት 10,000 ጊዜ አጫውታለሁ። ሜዳው ገለልተኛ ነው።

የሚጎድል ካለ ንገሩኝ።

2 — ቀለበቱ

ይህን ሁሉ ከማድረግ የማሸነፍ መቶኛን ወስዶ በሎግ ፋይቭ ቀመር (ከሁለት ቡድኖች መቶኛ የአንዱን የማሸነፍ ዕድል የሚያወጣ) ማስላት አይቀልም? የአንዱ 0.90፣ የሌላው 0.85 ከሆነ ወዲያው ይወጣል።

3 — ባለሰንጠረዥ

ለተራ ቡድኖች ይሠራል፣ እዚህ ግን ይሰበራል። ኢንዲያና 1976 32 ተጫውቶ 32 አሸነፈ፣ መቶኛው 1 ነው። ቀመሩ ውስጥ 1 ስታስገባ መልሱ ሁልጊዜ 1 ይሆናል፣ ማለትም ኢንዲያና ማንንም መቶ በመቶ ያሸንፋል። ሳን ፍራንሲስኮ 1956፣ ኖርዝ ካሮላይና 1957፣ ዩሲኤልኤ 1964 እና 1973ም ሽንፈት አልባ ናቸው። ሁለት ሽንፈት አልባ ቡድኖች ሲገናኙ ደግሞ ቀመሩ ዜሮን ለዜሮ ያካፍልና ኤክሴሉ ስህተት ይጽፍልሃል።

በሎግ ፋይቭ መሥራት የግድ ካለብህ በእውነተኛው መቶኛ ፋንታ ከነጥብ የሚወጣውን ተጠቀም። ያገባውን ለተቆጠረበት አካፍል፣ ወደ 10ኛ ኃይል አንሣ፣ ውጤቱን ለራሱ ሲደመር 1 አካፍል። ለምሳሌ በአማካይ 80 የሚያገባና 65 የሚቆጠርበት ቡድን 0.889 ይወጣለታል። ሽንፈት አልባ ቢሆንም ቁጥሩ 1 አይነካም።

4 — የድሮ ሜዳ

ልጆች፣ ደረጃውን ከማቀናነሳችሁ በፊት አንድ ነገር አስተካክሉ። የነጥብ ልዩነት በፍጥነት ይታለላል። በአንድ ጨዋታ 80 ጊዜ ኳስ እየያዘ በ20 የሚያሸንፍ ቡድንና 60 ጊዜ እየያዘ በ15 የሚያሸንፍ ቡድን እኩል ናቸው። ሁለቱም በ100 ይዞታ 25 ነጥብ ይበልጣሉ። በጥሬው ግን የመጀመሪያው በ5 ነጥብ የተሻለ ይመስላል።

የይዞታ ቁጥር እንዲህ ይገኛል፦ የተሞከረ ውርወራ፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ (የራስን የሳተ ውርወራ መልሶ መያዝ)፣ ሲደመር የተበላሸ ኳስ (ሳይወረወር ለተጋጣሚ የሄደ)፣ ሲደመር 0.475 በተሞከረ ነፃ ውርወራ ተባዝቶ። ለኬንታኪ 2015 ሁሉም በዝርዝር አለ። ለድሮዎቹ ግን የማጥቃትና የመከላከል ሪባውንድ በአንድ ተደምሮ ነው የሚገኘው፣ የተበላሸ ኳስም ከብዙው መዝገብ የለም። ብሎክና ስርቆት ራሱ በኮሌጅ ደረጃ በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1986 የውድድር ዘመን ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ቢል ራስልና የዩሲኤልኤው ቢል ዋልተን ስንት ኳስ እንደመለሱ የሚያሳይ ይፋ ቁጥር አትፈልጉ፣ አታገኙም።

ስለዚህ ለድሮዎቹ ግምት አስገቡ፣ ግን ሁለት ጊዜ አጫውቱ። አንዴ የተበላሸ ኳስን በጨዋታ 14 አድርጉ፣ አንዴ 20። አሸናፊው ካልተቀየረ ግምቱ ጉዳት የለውም። ከተቀየረ ያንን ጨዋታ «አልለየለትም» ብላችሁ ጻፉት።

5 — ባለሰንጠረዥ

ጋሼ፣ ይህ ገብቷል። ሁሉንም ወደ 100 ይዞታ ቀይሬ፣ ሲጫወቱ የሁለቱን ቡድን አማካይ ፍጥነት እሰጣቸዋለሁ።

6 — ሪባውንድ ብቻ

ደረጃውን በየዓመቱ ለየብቻ ካሰላችሁ ሌላ ችግር አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛው ምድብ የነበሩት ቡድኖች ከ250 ያንሱ ነበር፤ በ2015 ከ350 በላይ ናቸው። በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት ከዓመት ዓመት ይለያያል። ርቀቱ በሰፋበት ዓመት +28 ማግኘት፣ በጠበበበት ዓመት +26 ከማግኘት ሊቀል ይችላል።

መፍትሔው ደረጃውን ለዚያ ዓመት ስርጭት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንደኛው ዓመት የሁሉም ቡድኖች ስርጭት 12 ቢሆን 28 ÷ 12 = 2.33 ነው። ሌላኛው 10 ቢሆን 26 ÷ 10 = 2.6። ከዚያ ሁለቱንም በጋራ ቁጥር፣ በ11 እንበል፣ አባዙ፤ 25.7 እና 28.6 ይሆናሉ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ማለት ነው።

በሰፊ ልዩነት የተጠናቀቁትንም ተጠንቀቁ። የ1972 ዩሲኤልኤ በአማካይ በ30.3 ነጥብ ነበር የሚያሸንፈው። ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም ነገሩን ያሳያል። ከ25 በላይ የሆነውን ሁሉ ብትቆርጡ እንዲህ ያለውን ቡድን በትልቅነቱ ትቀጡታላችሁ። ምንም ባትቆርጡ ደግሞ ደካማን በ50 የደበደበ ሁሉ ይንበሸበሻል። እኔ ከ20 በላይ ያለውን በግማሽ ነው የምቆጥረው፤ የ40 ልዩነት 30 ሆኖ ይገባል።

7 — ቀለበቱ

ይሄ ሁሉ «በዘመኑ ምን ያህል በለጠ» የሚለውን ነው የሚለካው። ሰዎቹን በአካል ብናገናኛቸውስ? የ1964ቱ ዩሲኤልኤ ቋሚ አምስት ውስጥ ከ1.96 ሜትር የሚበልጥ አልነበረም። ኬንታኪ 2015 ካርል አንቶኒ ታውንስንና ዊሊ ኮሊ ስታይንን ያሰልፋል፣ ሁለቱም ከ2.10 በላይ። ይህን በደረጃ ቁጥር ማለፍ ሐቅን መሸሽ ነው።

8 — የድሮ ሜዳ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን ሌላ ውድድር ነው። ሰዎቹን በጊዜ ማሽን አምጥተህ ብታገናኛቸው አዲሱ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሥልጠናው፣ አመጋገቡ፣ ሕክምናው ሁሉ የሱ ነውና። ለዚያ ሲሙሌሽን አያስፈልግም።

በቁመት ላይ ደግሞ አትቸኩል። የ1964ቱ ዩሲኤልኤ በፍፃሜው የገጠመው ዱክ 2.08 ሜትር የሆኑ ሁለት ሰዎች ነበሩት። 98 ለ 83 ነው ያለቀው። የአሠልጣኙ የጆን ውድን 2-2-1 ፕረስ (ተጋጣሚን ገና ከራሱ ሜዳ ጀምሮ ማስጨነቅ) ኳሱ ረጃጅሞቹ ዘንድ እንዳይደርስ አድርጎ ነው የሠራው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ 16 ለ 0 ወረዱባቸው። ቁመት ብቻውን ደረጃ ላይ አይጨመርም። ሪባውንድና ብሎክ ውስጥ ገብቶ ታይቷል፣ ደግመህ ከጨመርከው ሁለቴ ቆጠርከው።

9 — ሰሌዳ

ዋናው ነገር እስካሁን አልተነሳም፦ ሕጉ። እነዚህ ቡድኖች አንድ ዓይነት ጨዋታ አልተጫወቱም።

ሾት ክሎክ (ኳስ የያዘ ቡድን መወርወር ያለበት የጊዜ ገደብ) በወንዶች ኮሌጅ በ1986 በ45 ሰከንድ ገባ፣ በ1994 ወደ 35፣ በ2016 ወደ 30 ወረደ። የሶስት ነጥብ መስመር በ1987 በ6.02 ሜትር ተሰመረ፣ በ2009 ወደ 6.32፣ በ2020 ወደ 6.75 ራቀ። ደንክ (ኳሱን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ መጫን) ከ1968 እስከ 1976 የውድድር ዘመን የተከለከለ ነበር። ስለዚህ ዩሲኤልኤ 1968 እና 1973፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት 1974 እና ኢንዲያና 1976 አንድም ኳስ በደንክ አላስቆጠሩም። ዋልተን በ1973 ፍፃሜ ሜምፊስ ስቴት ላይ ከ22 ውርወራ 21 አግብቶ 44 ነጥብ ያስቆጠረው በዚህ ክልከላ ውስጥ ነው። ግሬግ ሊ ከላይ እየወረወረለት 14 አሲስት አደረገ፣ ዋልተን ግን ኳሱን ቀለበቱ ላይ መጫን አይችልም፣ በጣቱ ማስቀመጥ ነበረበት። የ1956ቱ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ የተጫወተው ከቅርጫቱ ሥር ያለው ክልል 1.83 ሜትር ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ራስል ከተመረቀ በኋላ ወደ 3.66 ሰፋ።

አሁን ቪላኖቫ 2018ን ተመልከቱ። በ40 ጨዋታ 464 ሶስት ነጥብ አገባ፣ በጨዋታ 11.6 ማለት ነው። ያ በነጥብ 34.8 ነው። በ1976 ሕግ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ነውና 23.2 ይሆናል። ተጫዋች ሳይጎዳ፣ ውርወራ ሳይስት፣ 11.6 ነጥብ ከኪሱ ወጣ። እርግጥ ቪላኖቫ መስመር በሌለበት ዓለም ከሩቅ አይወረውርም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 11.6 የጉዳቱ ጣሪያ ነው፤ እኔ ግማሹን፣ ወደ 6 ነጥብ እወስዳለሁ።

በተቃራኒው ለኢንዲያና ሶስት ነጥብ ስትሰጡት ቁጥር ከየት ታመጣላችሁ? መስመሩ በገባበት በ1987 ዘመን የቡድኖች አማካይ 38.4 በመቶ ነበር፣ በጨዋታ ከ10 ሙከራ በታች። የድሮ ቡድን መስመሩን አዲስ አይቶ የሚጫወተው በግምት እንደዚያ ነው። 9 ሙከራ በ38 በመቶ ስጡት፤ 10.3 ነጥብ። እነዚያው ውርወራዎች በሁለት ነጥብና በ42 በመቶ ቢሆኑ 7.6 ነበሩ። ትርፉ 2.7 ነጥብ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለኢንዲያና እንደ ቪላኖቫ 29 ሙከራ ይሰጡትና ከ100 በላይ ሲያገባ ይገረማሉ።

10 — ባለሰንጠረዥ

እና የቱን ሕግ እንምረጥ?

11 — ሰሌዳ

አንዱን አትምረጥ። 5,000ውን በአንደኛው ቡድን ሕግ፣ 5,000ውን በሌላኛው አጫውት፣ ሁለቱንም ቁጥር ለየብቻ አውጣ፣ ለማለፍ ድምሩን ተጠቀም። አንባቢ የሚፈልገውም ድምሩን ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ቪላኖቫ በራሱ ሕግ አሸንፎ በኢንዲያና ሕግ ከተሸነፈ፣ ያ ራሱ መልስ ነው።

12 — ቀለበቱ

ሾት ክሎክ በሌለበት ደካማው ኳሱን ይዞ ቢቆምስ? የ1982ቱ ኖርዝ ካሮላይና በሊጉ ፍፃሜ ቨርጂኒያን 47 ለ 45 ነው የረታው፣ ኳስ ይዞ በመቆም። በዚህ ዘዴ ማንም ማንንም አያሸንፍም?

13 — ባለሰንጠረዥ

አሰላሁት፣ እኔም ከዚህ በላይ ጠብቄ ነበር። ልዩነቱ በ100 ይዞታ 15 ነጥብ ይሁን። በ80 ይዞታ ጨዋታ ጠንካራው በ12 ይጠበቃል። 11 የሚለው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ለ68 ይዞታ ነው፤ በይዞታ ስኩዌር ሩት ስለሚያድግ ለ80 ወደ 11.9 ይወጣል። የማሸነፍ ዕድሉ 84 በመቶ ነው። አሁን ደካማው ጨዋታውን ወደ 50 ይዞታ ይጎትተው። የሚጠበቀው 7.5፣ ዲቪዬሽኑ 9.4፣ ዕድሉ 79 በመቶ።

30 ይዞታ ገድሎ ያተረፈው 5 በመቶ ነው። ኳስ ይዞ መቆም ይረዳል፣ ተአምር ግን አይሠራም። ቪላኖቫ በ1985 ጆርጅታውንን 66 ለ 64 ያሸነፈው ሾት ክሎክ ባለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ ከ28 ውርወራ 22 ስላገባ ነው።

14 — የድሮ ሜዳ

«ዩሲኤልኤ 1968» ብላችሁ የጻፋችሁት የትኛው ዩሲኤልኤ ነው? ይህን ሳትመልሱ አታጫውቱ።

በጥር 20 ቀን 1968 በአስትሮዶም ሂውስተን 71 ለ 69 አሸነፋቸው። በመጋቢት በግማሽ ፍፃሜ ዩሲኤልኤ 101 ለ 69 መለሰ። በ2 ነጥብ ከመሸነፍ በ32 ነጥብ ወደ ማሸነፍ፣ የ34 ነጥብ መወዛወዝ፣ በሁለት ወር ውስጥ፣ በነዚያው ሁለት ቡድኖች መካከል።

እስቲ በባለሰንጠረዥ ቁጥር እንየው። የአንድ ጨዋታ ዲቪዬሽን 11 ከሆነ የሁለት ጨዋታ ልዩነት 15.6 ነው። 34 ሲካፈል ለ15.6፣ 2.18። በዕድል ብቻ እንዲህ ያለ ነገር የሚሆነው ከ100 ሦስት ጊዜ ገደማ ነው። ስለዚህ ዕድል ብቻ አይደለም። አንደኛው ጨዋታ ሂውስተን ከተማ፣ ሁለተኛው ሎስ አንጀለስ ነበር፤ የሜዳ ጥቅም 3.5 ብንለው በደርሶ መልስ 7 ነጥብ ነው። 27 ቀረ፣ 1.73 ዲቪዬሽን፣ ከ100 ስምንት ጊዜ ገደማ። አሁን ማመን ይቻላል፣ ግን ይቀራል። በጥር የዩሲኤልኤው ሉ አልሲንዶር የዓይኑ ብሌን ተጭሮ ነበርና ከ18 ውርወራ 4 ብቻ አገባ፤ የሂውስተኑ ኤልቪን ሄይስ 39 አስቆጠረ። በመጋቢት ደግሞ የሂውስተን ኳስ አደራጅ ጆርጅ ሬይኖልድስ መጫወት ተከልክሎ ነበር፣ ዩሲኤልኤም ሊን ሻክልፎርድን ለሄይስ ብቻ መድቦ ቀሪዎቹን አራት በዳይመንድ ቅርጽ አቆመ። ሄይስ 10 ነጥብ ይዞ ወጣ።

የዓመቱ አማካይ ይህን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ ቁጥር ያደርገዋል። ጤነኛውን ቡድን ከፈለጋችሁ የጥር 20ውን ጨዋታ ከስሌቱ አውጡት። እንደነበረ ከፈለጋችሁ ተዉት። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ግን ለአንዱ አውጥታችሁ ለሌላው መተው አድልዎ ነው።

15 — ሪባውንድ ብቻ

ጋሼ የኢንዲያናም ያው ነው። የ1975ቱ ከ1976ቱ ይበልጥ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። በታኅሣሥ 1974 ኬንታኪን 98 ለ 74 ደበደቡት። ከዚያ ስኮት ሜይ ክንዱ ተሰበረ፣ በመጋቢት ያው ኬንታኪ 92 ለ 90 አሸነፋቸው። የዓመቱ ብቸኛ ሽንፈታቸው እሱ ነው።

1976ም ቢሆን ፍፃሜው ላይ ቦቢ ዊልከርሰን ገና በጅምሩ ጭንቅላቱ ተመትቶ ወጣ። ሚሺጋን በእረፍት 35 ለ 29 መራ። በሁለተኛው አጋማሽ ኢንዲያና 57 አግብቶ 86 ለ 68 ጨረሰው። ያለ ዊልከርሰን!

ሳን ፍራንሲስኮ 1956ም ኬሲ ጆንስ በዋንጫው ውድድር እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሳን ፍራንሲስኮ ጆንስ አለው ወይስ የለውም?

16 — ባለሰንጠረዥ

ወሰንኩ። ለሁሉም ቡድን «በዓመቱ ውስጥ ሙሉ ጤነኛ የነበረበት ምርጥ አሰላለፍ» ይሆናል፤ ሕመም፣ ስብራትና እገዳ ያለባቸው ጨዋታዎች ከደረጃው ስሌት ይወጣሉ። ስለዚህ ጆንስ ይጫወታል፣ አልሲንዶር ዓይኑ ደህና ነው። ኬንታኪ 2015ም አሌክስ ፖይትረስ በታኅሣሥ የጉልበቱ ጅማት ከመበጠሱ በፊት የነበረው ነው። በዚያ ላይ ግን የቀሩት ጨዋታዎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ደረጃው ይንቀጠቀጣል። ለእሱ የዓመቱን ሁሉ ወስጄ 1 ነጥብ ብቻ እጨምራለሁ። ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ ተቃውሞ እቀበላለሁ።

17 — ሰሌዳ

1 ነጥብ በቂ ነው። ኬንታኪዎች ተጫዋቾቻቸውን በሁለት ቡድን እየከፋፈሉ ያጫውቱ ስለነበር የማንም መቅረት ብዙ አይሰማቸውም።

ግን በተጫዋች ደረጃ የምታጫውት ከሆነ የደቂቃውን ድምር ተቆጣጠር። ጨዋታው 40 ደቂቃ በ5 ሰው 200 ደቂቃ ነው። ኬንታኪ 1996 በኋላ ኤንቢኤ የደረሱ 9 ተጫዋቾች ነበሩት። ለሁሉም የሚገባቸውን ደቂቃ ስትሰጥ ሳታውቀው 230 ይሆናል፣ ቡድኑም በ6 ሰው የሚጫወት ያህል ይበረታል። ኳስ የመጠቀም ድርሻቸውም ሜዳ ላይ ባሉት አምስት መካከል ተደምሮ 100 በመቶ መሆን አለበት። በሌላ በኩል የአሠልጣኛቸው የሪክ ፒቲኖ ሙሉ ሜዳ ፕረስ ያለ ብዙ ሰው አይሠራም፤ አንድን ተጫዋች 38 ደቂቃ አስሮጠህ የተበላሸ ኳስ ቁጥሩን እንዳለ ከተውከው ውሸት ነው።

የፋውልም ነገር አለ። ዩኤንኤልቪ በ1990 ፍፃሜ ዱክን 103 ለ 73 አሸንፎ፣ በ1991 ግማሽ ፍፃሜ 79 ለ 77 ተሸነፈ። የዩኤንኤልቪው ግሬግ አንቶኒ መጨረሻው ላይ ቡድኑ እየመራ በ5 ፋውል ወጣ። በነጥብ ልዩነት ብቻ የሚሠራ ሲሙሌሽን ይህን አያይም። በ11ዱ ዲቪዬሽን ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚኖረው።

18 — ሶስተኛ ሩብ

የሴቶቹንስ ማን ያጫውትልን? ኮኔቲከት 2002፣ 2010 እና 2016፣ ሳውዝ ካሮላይና 2024፤ አራቱም ሽንፈት አልባ። በሕግ በኩል ከወንዶቹ ይቀላል፤ 30 ሰከንድ ሾት ክሎክ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። በዋናነት የሚቀየረው ከ2016 ዘመን ጀምሮ በአራት ሩብ መጫወታቸውና በ2022 መስመሩ ወደ 6.75 መራቁ ነው። ግን 11ን እንዳለ አትውሰዱ፣ ከሴቶቹ ጨዋታ ራሱን ችሎ ይሰላ። ላይኞቹ በሰፊ ልዩነት ስለሚያሸንፉ «ሪባውንድ ብቻ» ያለው በግማሽ የመቁጠር ዘዴ እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

19 — ባለሰንጠረዥ

እህቴ፣ ለብቻው ክር እንክፈትለት፣ ደረጃውን አብረን እናስላ።

20 — ቀለበቱ

እሺ፣ አሁን የጊዜ ማሽኑን ትቻለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ምርጡ ቡድን ዋንጫውን ካላነሳ ሰዎች «ተበላሸ» አይሉም?

21 — ሪባውንድ ብቻ

ይሉ ይሆናል፣ ግን ሒሳቡን አስቀድመን እናሳያቸው። 16 ቡድን አራት ዙር ነው። እያንዳንዱን ጨዋታ 80 በመቶ የሚያሸንፍ ቡድን እንኳ አራቱንም የሚያልፈው 41 በመቶ ነው። 70 በመቶ ከሆነ 24። እዚህ ያሉት ሁሉ ጠንካሮች ስለሆኑ 80 የሚደርስ አይኖርም። በ4 ነጥብ የሚበልጥ ቡድን ዕድሉ 64 በመቶ ነው፤ በ10 ቢበልጥ 82።

አንድ ጊዜ ተጫውቶ የሚወጣ ብራኬት (የጥሎ ማለፍ ሰንጠረዥ) እና የ10,000ው ድምር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱንም አውጣ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቡድን ዋንጫውን በስንት መቶኛ እንደሚያነሳ፣ ቀጥሎ አንዱን ብራኬት ከነውጤቱ። 100 ጊዜ ብቻ እንዳታጫውት ደግሞ፤ በ100 ላይ ስህተቱ 5 በመቶ ነው፣ በ10,000 ግማሽ በመቶ።

22 — የድሮ ሜዳ

ኖርዝ ካሮላይና ስቴትንና ዩሲኤልኤን አስታውሱ። በ1974 ዘመን ዲሴምበር ላይ ዩሲኤልኤ 84 ለ 66 አሸነፈ። በመጋቢት በግማሽ ፍፃሜ፣ ግሪንስቦሮ፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት በገዛ ግዛቱ በሁለት ተጨማሪ ሰዓት 80 ለ 77 ወሰደው። ሲሙሌሽናችሁ እንዲህ ያለውን ውጤት አልፎ አልፎ ካላወጣ ዲቪዬሽኑን አጥብባችሁታል ማለት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በእውነት የተደረጉ ጨዋታዎች ላይ ሞክሩት፤ 70 በመቶ ያለው ከ10 ወደ 7 ካላሸነፈ ቁጥሩ አልተስተካከለም።

ተጨማሪ ሰዓትም እንዳትረሱ። ልዩነቱ ተጠጋግቶ ዜሮ ሲወጣ ሳንቲም አትጣሉ። ተጨማሪው 5 ደቂቃ የጨዋታው አንድ ስምንተኛ ነው፤ የሚጠበቀውን ለ8፣ ዲቪዬሽኑን ለ8 ስኩዌር ሩት አካፍሉ። 4 ነጥብ 0.5 ይሆናል፣ 11 ደግሞ 3.9።

23 — ሰሌዳ

የመረጃ ማሳሰቢያ። ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ አውርዱ እንጂ የዓመቱን ይፋ ድምር አትውሰዱ። በኋላ በቅጣት ድላቸው የተሰረዘባቸው ቡድኖች አሉ፤ የ2008ቱ ሜምፊስ 38 አሸንፎ ነበር፣ በአንዳንድ መዝገብ ግን ድሉ የለም። ሜምፊስ ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም የሌሎች ተጋጣሚ የሆኑ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ደረጃውን ያዛባሉ። ከከፍተኛው ምድብ ውጪ ካሉ ኮሌጆች ጋር የተደረጉትንም አውጡ።

24 — ባለሰንጠረዥ

ሁሉም ገባ። የመጀመሪያው ዙር ምደባ በተስተካከለው ደረጃ ነው፣ 1ኛው ከ16ኛው፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። አንድ ለውጥ ብቻ አደርጋለሁ፦ ሦስቱ ዩሲኤልኤዎችና ሦስቱ ኬንታኪዎች ከሩብ ፍፃሜ በፊት እንዳይገናኙ ቦታ እለዋውጣለሁ።

በኤክሴል የምትከተሉኝ፣ ራንድ የሚለው ፈንክሽን ሌላ ሴል በቀየራችሁ ቁጥር ራሱን ይቀይራል። 10,000ው ረድፍ ከወጣ በኋላ ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ እንደ ቁጥር ብቻ መልሳችሁ ለጥፉት። ካልሆነ እኔ ኢንዲያና አለፈ ስል እናንተ ፋይሉን ስትከፍቱት ቪላኖቫ አልፎ ታገኙታላችሁ። በፓይተን የምትሠሩ የራንደም መነሻ ቁጥሩን 1976 አድርጉት፣ ኮዳችን አንድ እስከሆነ ድረስ ሁላችንም ያንኑ ውጤት እናያለን።